ሁለት ፊደል ብቻ የሚያነብ መድኃኒት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከመድኃኒት ማዘጋጃ ክፍላችን ወጥቼ ወደ ሕፃናት ዋርድ በምሄድበት ኮሪደር ላይ አንዲት እናት አስቆመችኝ። የአራት ዓመት ልጇ ከኩላሊቱ ላይ በተነሣ ዕጢ፣ ሐኪሞች ዊልምስ ቱመር በሚሉት ሕመም፣ ይታከም ነበር፤ በዚያን ዕለት በደም ሥሩ ከሚሰጡት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ አክቲኖማይሲን ዲ ነው። «ዶክተር» አለችኝ፤ ፋርማሲስት መሆኔን ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ግን ለእርሷ ዶክተር ነው። «ይኼ መድኃኒት ክፉውን ከደጉ ይለያል?» እኔም ቸኩዬ ስለነበር፣ «አዎ እህቴ፣ ይለያል፤ አይዞሽ» ብያት አለፍኩ።

መልሱ ከአፌ ሲወጣ ትክክል ይመስል ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሴትዮዋ ያልጠየቀችኝን ጥያቄ እንደመለስኩ ገባኝ። አክቲኖማይሲን በእርግጥ ለይቶ የሚቀመጥ ሞለኪውል ነው፤ ከዲኤንኤ ላይ የፊደል ቅደም ተከተል እየመረጡ ስለሚይዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ወሬ ሲነሣ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይጠራል። እኔም በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ያሳለፍኩት ይህንኑ ምርጫውን በጄል ላይ ለማየት ስታገል ነበር። ነገር ግን እርሱ የሚለየው ጉዋኒን የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ከአዴኒን ነው፤ የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው የሚለይበት ዓይን የለውም። ታዲያ በፊደል ላይ ይህን ያህል ጥንቁቅ የሆነ ሞለኪውል ስለ በሽታው ምንም የማያውቅ ከሆነ ልጆች የሚድኑት እንዴት ነው? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ የኮሪደር መልሴ ማረሚያ እንዲሆነኝ ነው።

አስቀድሜ መድኃኒቱን ራሱን ላስተዋውቅ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግማሽ ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ዱቄቱን ከብልቃጡ ሥር ለማየት እንኳ ወደ ብርሃን ማንሣት ያስፈልጋል። 1.1 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ ሲጨመርበት ጥርት ያለ የወርቅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይሆናል። ከደም ሥር አምልጦ ወደ ሥጋ ከገባ ክፉ ቁስል ስለሚያመጣ፣ ነርሶቻችን መርፌው በትክክል መግባቱን ሳያረጋግጡ መስጠት አይጀምሩም። ለሕፃናት የሚታዘዘው በማይክሮግራም እየተሰላ ነው። ያ የወርቅ ቀለም የሚመጣው ፌኖክሳዞን ከተባለ፣ ሦስት ቀለበቶች ጎን ለጎን ከተጋጠሙበት ጠፍጣፋ የሞለኪውሉ ክፍል ነው፤ ይህ ጠፍጣፋ ክፍል ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ።

ምንጩ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሰልማን ዋክስማንና ቦይድ ውድረፍ ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ከአንዱ ለይተው አወጡት። የሚፈልጉት ተላላፊ በሽታ የሚያድን መድኃኒት ነበር። ያገኙት ነገር ባክቴሪያን በጣም በአነስተኛ መጠን ይገድላል፤ የተወጉትን የላቦራቶሪ እንስሳትም እንዲሁ ይገድላል። ስለዚህ ለዚያ ዓላማ ከንቱ ሆኖ ተቀመጠ፤ የዋክስማን ላቦራቶሪም ፍለጋውን ቀጥሎ በ1943 ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። ስትሬፕቶማይሲንን የእኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ለወራት በየቀኑ የተወጉ ዘመዶች የሌሉት ቤተሰብ ጥቂት ነው። የተጣለው ወንድሙ አክቲኖማይሲን ደግሞ በ1950ዎቹ ዲ የሚል ፊደል በተሰጠው ንጹሕ መልኩ ወደ ካንሰር ምርምር ዞረ፤ በቦስተን የሕፃናት ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር ዊልምስ ቱመር ላለባቸው ልጆች ሰጠው፤ በ1964 ደግሞ በአሜሪካ በመድኃኒትነት ጸደቀ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታ የሚነሣው፣ ሁላችንም የምንወደው የአፈር ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው እነዚሁ ስትሬፕቶማይሲሶች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አክቲኖማይሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ሚቶማይሲን፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ሁሉም የዚያ ሽታ ባለቤቶች ዘመዶች ናቸው። የሚገርመኝ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውም በዲኤንኤ የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ዲኤንኤን የሚይዝ መርዝ የሚሠራ ፍጡር አስቀድሞ ራሱን መከላከል አለበት፤ ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲንን የሚሠራው ዝርያ መርዙን ከሕዋሱ እየገፋ የሚያስወጣ ፓምፕ አለው። የሰው ካንሰር ሕዋሳትም መድኃኒቱን ሲለማመዱ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው መገፍተሪያ ፓምፕ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለት ክር ሲገመድ በክሮቹ መካከል እየዞረ የሚሄድ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ቦዮች እኩል አለመሆናቸው ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። በመካከላቸው ፊደላቱ፣ ማለትም ኤ (አዴኒን) ከቲ (ታይሚን)፣ ጂ (ጉዋኒን) ከሲ (ሳይቶሲን) ጋር እየተጣመሩ፣ በሌማት ላይ እንደተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። በሁለት ጥንዶች መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖ ሜትር ነው። ጂኖችን የሚያዝዙት ትልልቅ ፕሮቲኖች ፊደሉን በአብዛኛው የሚያነቡት ከሰፊው ቦይ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ የሆነ የኬሚካል ገጽታ አለው። በጠባቡ ቦይ በኩል ግን ነገሩ ድሃ ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የኤና የቲ ጥንድ፣ የጂና የሲ ጥንድ ሊምታቱ ይችላሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ይለያቸዋል። ጉዋኒን በሁለተኛው የካርቦን ቦታው ላይ አንድ ናይትሮጂንና ሁለት ሃይድሮጂን የያዘ አሚኖ ቡድን ወደ ቦዩ ያወጣል፤ አዴኒን በዚያ ቦታ ይህ ቡድን የለውም።

ዕጢ ከሚያጠፉት የአፈር አንቲባዮቲኮች ብዙዎቹ የሚያነቡት ከዚህ ከድሃው ወገን ነው። ሙሉው ንባባቸውም በዚያች አንዲት አሚኖ ቡድን ላይ የቆመ ነው፤ አለች ወይስ የለችም?

ይህ በአንድ ቀን የታወቀ ነገር አይደለም። በ1962 ጎልድበርግ፣ ራቢኖዊትዝና ራይክ አክቲኖማይሲን ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቀው ጉዋኒን ሲኖር እንደሆነ፣ ከኤና ከቲ ብቻ ከተሠራ ዲኤንኤ ጋር ግን እንደማይያያዝ አሳዩ፤ ውጤቱም ሕዋሱ ከዲኤንኤ ላይ አርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋሱ የሚሠራበትን የጂን ቅጂ፣ መገልበጥ ማቆሙ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይ ጥፋቱም ምስጋናውም የጉዋኒን ሳይሆን የዚያች አሚኖ ቡድን መሆኑ ተለየ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሄንሪ ሶቤል ከባልደረቦቹ ጋር አንድ አክቲኖማይሲንና ሁለት ዲኦክሲጉዋኖሲን አብረው የተቀመጡበትን ክሪስታል በኤክስሬይ መረመረ። ጠፍጣፋው የወርቅ ቀለም ክፍል በሁለቱ ጉዋኒኖች መካከል እንደ ሳንድዊች ተይዞ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በሙሉ ዲኤንኤ ላይ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሣለ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ስምንት ፊደል ካለው እውነተኛ የዲኤንኤ ቁራጭ ጋር የተሠራው ክሪስታል ሲፈታ የንድፉ ዋና ሐሳብ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ንድፉ እንዲህ ነው። አክቲኖማይሲን ከጠፍጣፋው ክፍል በቀር በግራና በቀኝ የተንጠለጠሉ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከአምስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ጠፍጣፋው ክፍል በተነባበረው እንጀራ መካከል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ንብብሩ ለእርሱ ቦታ ለመልቀቅ ይለያያል፣ የገመዱም ጥምዝ በተወሰነ መጠን ይፈታል። ሁለቱ ቀለበቶች ደግሞ በጠባቡ ቦይ ውስጥ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይተኛሉ። በእያንዳንዱ ቀለበት ያለው ትሪዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በአቅራቢያው ያለችውን የጉዋኒን አሚኖ ቡድን በሃይድሮጂን ቦንድ ይይዛል። ሁለት እጅ ስላለው ሁለት ጉዋኒን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከጠፍጣፋው ክፍል ግራና ቀኝ፣ በተቃራኒ ክሮች ላይ መሆን አለባቸው። ይህ የሚሟላው በአንድ ክር ላይ ጂ ቀድሞ ሲ ሲከተል ነው፤ በሌላው ክር ላይም በተቃራኒው አቅጣጫ ሲነበብ ያው ጂሲ ይሆናልና። ሲጂ ቢሆን እነዚያው ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ነገር ግን አሚኖዎቹ እጆቹ ከሚደርሱበት ቦታ ፈቀቅ ስለሚሉ አይመቸውም። ሲጂን የሚመርጠው ኤኪኖማይሲን የሚባል ሌላ የአፈር ልጅ ነው፤ እርሱ ሁለት ጠፍጣፋ ክፍል ስላለው አንዱን ሲጂ ከላይና ከታች እንደ መቆንጠጫ ይይዘዋል። ኤኪኖማይሲን በሰው ላይ ተሞክሮ መድኃኒት ሳይሆን ቀርቷል፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ በላቦራቶሪ የወደድኩት እርሱን ነው።

አሁን ስለዚያ ላቦራቶሪ ላውራ። አንድ ሞለኪውል ከዲኤንኤ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚታይበት ዘዴ ፉትፕሪንቲንግ ይባላል፤ በ1978 ጋላስና ሽሚትዝ ለፕሮቲኖች የፈጠሩት ሲሆን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፒተር ደርቫን፣ የጄምስ ዳብሮዊያክና የማይክል ዋሪንግ ቡድኖች ለትንንሽ መድኃኒቶች አዋሉት። በአማርኛ ዱካ ፍለጋ ብንለው ትክክለኛ ስሙ ይመስለኛል። መቶ ምናምን ፊደል ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ ይወሰድና አንድ ጫፉ በጨረር አመንጪ ፎስፎረስ ምልክት ይደረግበታል። መድኃኒቱ ይጨመራል። ከዚያ ዲኤንኤን የሚቆርጥ ዲኤንኤዝ አንድ የተባለ ኢንዛይም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይለቀቅበታል፤ ዓላማው እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆረጥ ነው። ቁርጥራጮቹ በቀጭን ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ሲነዱ እንደየርዝመታቸው ይደረደራሉ፤ በላዩ የኤክስሬይ ፊልም ተደርጎ ሲያድር ጠዋት መሰላል የመሰለ ጥቁር መስመር ይታያል። መድኃኒቱ በተቀመጠበት ቦታ ኢንዛይሙ መቁረጥ ስላልቻለ፣ መሰላሉ በዚያ ቦታ እርከን ይጎድለዋል። ያ ባዶ ቦታ ዱካው ነው።

በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነው። የመጀመሪያው ፊልሜ ላይ ግን መሰላል አልነበረም፤ ኢንዛይሙን አብዝቼ ስላቆየሁት ዲኤንኤው ሁሉ ደቅቆ ከታች አንድ ጥቁር ደመና ሆኖ ተከማችቶ ነበር። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ኢንዛይሙ እምብዛም ሳይቆርጥ ቀረ። በሦስተኛው ያማረ ክፍተት አየሁና እየሮጥኩ ለአስጠኚዬ ወስጄ አሳየሁት፤ እርሱም ምንም ሳይናገር ጣቱን መድኃኒት ባልተጨመረበት መስመር ላይ አደረገ። ክፍተቱ እዚያም ነበረ። ዲኤንኤዝ ራሱም በጠባቡ ቦይ በኩል የሚሠራ፣ ቦዩ በጣም ሲጠብ መቁረጥ የሚሰንፍ፣ የራሱ ምርጫ ያለው አንባቢ ነው። አንዱን አንባቢ በሌላ አንባቢ ስንመረምር የማንን ምርጫ እያየን እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ኢንዛይሙ ግዙፍ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጥቂት ርቀት ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ዱካው ሁልጊዜ ከእግሩ ይሰፋል።

በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ሁሉ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ በ1990ዎቹ በፈረንሳይ የሊሉ ክሪስቲያን ባዪና የካምብሪጁ ማይክል ዋሪንግ ያደረጉት ነው። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፤ በእርግጥ ሁሉ ነገር የዚያች አሚኖ ቡድን ሥራ ከሆነ፣ አሚኖዋን ከቦታዋ አንሥተን ሌላ ቦታ ብናስቀምጣት መድኃኒቶቹ ይከተሏታል? ለዚህም ሁለት ምትክ ፊደላት ተጠቀሙ። ኢኖሲን የጉዋኒን ቅጂ ሲሆን ያቺ አሚኖ የሌለችው ነው፤ ዳይአሚኖፑሪን ደግሞ አዴኒን ሆኖ አሚኖዋ የተጨመረችለት ነው። ሁለቱም ከቀድሞ ጓደኞቻቸው ጋር፣ አንዱ ከሲ፣ ሌላው ከቲ ጋር፣ ይጣመራሉ። ተመራማሪዎቹ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ውስጥ እነዚህን በማስገባት ቅደም ተከተሉ ያልተለወጠ፣ አሚኖዎቹ ግን የተሰደዱበት ዲኤንኤ ሠሩ።

ጉዋኒን በኢኖሲን ሲተካ አክቲኖማይሲንና ኤኪኖማይሲን የለመዱትን ቦታ አጡ፤ ዱካቸው ከፊልሙ ጠፋ። ኔትሮፕሲን የሚባለው፣ ራሱ የዕጢ መድኃኒት ባይሆንም ኤና ቲ የበዙበትን ቦታ ብቻ የሚወድ የእነርሱ ዘመድ፣ በተቃራኒው ቀድሞ ወደማይደርስባቸው የጂና የሲ ሠፈሮች ገባ። ኔትሮፕሲን ጠባቡን ቦይ ተከትሎ የሚታጠፍ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ሞለኪውል ነው፤ በ1985 ኮፕካ፣ ዲከርሰንና ባልደረቦቻቸው በክሪስታል እንዳሳዩት በቦዩ ግርጌ ተጣብቆ ይተኛል፤ የጉዋኒን አሚኖ ደግሞ መኝታው ላይ እንደተነሣ ጉብታ ሆና ትከለክለዋለች። ጉብታው ሲነሣ ተኛ። አዴኒን በዳይአሚኖፑሪን ሲተካ ደግሞ ከገዛ ቤቱ ተባረረ። ሁለቱም በአንድ ላይ ሲተኩ፣ ማለትም አሚኖዋ ከጂ ጥንድ ወደ ኤ ጥንድ ስትዛወር፣ ኤኪኖማይሲን ተከትሏት ሄደ፤ ሲጂ ይወድ የነበረው፣ ቲና ዳይአሚኖፑሪን የተከታተሉበትን ቦታ ያዘ። ያኔ ስለ ምትሐት የሚወራውን ሁሉ ተውኩ። እነዚህ ሞለኪውሎች ፊደሉን አያውቁም፤ የሚዳስሱት አንዲትን ጉብታ ነው።

እንግዲህ ወደ እናቲቱ ጥያቄ የሚወስደን ሒሳብ ይህ ነው። አራት ፊደላት በዘፈቀደ ቢደረደሩ ጂሲ የሚለው ጥንድ በአማካይ በየአሥራ ስድስቱ ቦታ አንድ ጊዜ ይመጣል። በአንድ ሙሉ የሰው ዲኤንኤ ቅጂ ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ስላለ፣ በዚህ ግምት ለአክቲኖማይሲን የሚመች መቀመጫ ወደ ሁለት መቶ ሚሊዮን ይጠጋል፤ ይህም በልጁ ዕጢም፣ በልጁ ጉበትም፣ መድኃኒቱን በምታዘጋጀው በሥራ ባልደረባዬ ጣት ቆዳም ውስጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ድርብ ጓንት የምናደርገው ለዚህ ነው። በሰው ዲኤንኤ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የሚያገኝ ሞለኪውል ቢፈለግ አሥራ ስድስት ያህል ፊደል አከታትሎ ማንበብ አለበት፤ አራት በራሱ አሥራ ስድስት ጊዜ ሲባዛ ከአራት ቢሊዮን በላይ ይሆናልና። ደርቫን በካሊፎርኒያ የኔትሮፕሲንን ዘመዶች እያሻሻለ አራቱንም ዓይነት ጥንድ በየተራ የሚያነቡ ሞለኪውሎች ሠርቷል፤ የኬሚስትሪ ውበት ከተባለ ያ ነው። ከእነርሱ መካከል ግን የካንሰር መድኃኒት ሆኖ ወደ እኔ የመድኃኒት መደርደሪያ የደረሰ የለም።

ታዲያ ሁለት ፊደል ብቻ የሚያነበው ለምን ሠራ? እኔ ለዚህ የምሰጠው መልስ ከመቀመጫው ይልቅ አለመነሣቱ ነው የሚል ነው። በዲኤንኤ ንብብር መካከል የሚገቡ ሌሎች ጠፍጣፋ ሞለኪውሎች አሉ፤ ኢቲዲየም የሚባለው፣ ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ብርቱካናማ ማቅለሚያ፣ አንዱ ነው። እርሱ ይገባል፣ ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላም ይወጣል። በ1968 ሙለርና ክሮዘርስ እንዳሳዩት አክቲኖማይሲን አንዴ ከገባ የሚወጣው በደቂቃዎች ነው፤ ሁለቱ ቀለበቶቹ በቦዩ ውስጥ ተመቻችተው ስለሚተኙና አሚኖዎቹን ስለያዙ እንደገና ተላቅቆ ለመነሣት ብዙ ነገር መፍታት ይኖርበታል። በዚያ መሐል አርኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም እየገሰገሰ መጥቶ ይደርስበታል፤ መንገዱ ተዘግቷል። ቶሎ ለሚነሣው ኢቲዲየም ኢንዛይሙ ትንሽ ቆይቶ ሊያልፍ ይችል ነበር። እዚህ ግን ቆሞ ይቀራል፤ ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። ስለዚህ እነዚያ ሁለት ፊደላት ቦታ ከመምረጥ የበለጠ ጥቅማቸው መያዣ መሆናቸው ነው። አሚኖዋ ባትኖር ሞለኪውሉ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ይህ መዘጋት ደግሞ ሁሉንም ሕዋስ እኩል አይጎዳም። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ከሁሉ በፊት የሚቆመው ራይቦሶም፣ ማለትም የሕዋሱ የፕሮቲን ፋብሪካ፣ የሚሠራበት አርኤንኤ ግልበጣ ነው፤ የዚያ ጂን በጂና በሲ የበለጸገና ያለማቋረጥ የሚገለበጥ ነው። በፍጥነት ለመባዛት የሚቸኩል ሕዋስ ፋብሪካ እየጨመረ መሄድ አለበት፤ ሲቆምበት መቋቋም ያቅተዋል። ዝግ ብሎ የሚኖር ሕዋስ ብዙውን ጊዜ መሰናክሉ እስኪነሣ ድረስ መጠበቅ ይችላል። ልየታ የምንለው ነገር የሚገኘው እንግዲህ በሕዋሱ ጥድፊያ ውስጥ እንጂ በመድኃኒቱ ዓይን ውስጥ አይደለም። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና የአጥንት መቅኔም ቸኳዮች ናቸው፤ ልጁ የሚያስታውከው፣ አፉ የሚቆስለው፣ ደሙ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ይህ መድኃኒት ቪንክሪስቲን ከተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒትና ከቀዶ ሕክምና ጋር ተጣምሮ ዊልምስ ቱመርን በሀብታም አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል የሚድኑበት በሽታ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ የሚመጡት ዕጢው ሆድን ገፍቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያ ግን የሞለኪውሉ ጥፋት አይደለም።

ከአፈር ስለተገኙት ቀይ ቀለም ስላላቸው የካንሰር መድኃኒቶች ሁለት ቃል ሳልል አላልፍም። ዳውኖሩቢሲን የተገኘው በጣሊያን ፑሊያ፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከሚባለው ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ነው፤ ስሙም በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ከጥንቶቹ ዳውኒያውያንና ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቁ የተዋቀረ ነው። ታናሽ ወንድሙ ዶክሶሩቢሲን የመጀመሪያ የንግድ ስሙን ያገኘው ከአድሪያቲክ ባሕር ነው። በ1980 አሌክሳንደር ሪችና ባልደረቦቹ በክሪስታል እንዳሳዩት ዳውኖሩቢሲንም በንብብሩ መካከል ገብቶ የስኳር ክፍሉን በጠባቡ ቦይ ውስጥ ያሳርፋል፤ ሁለት የጂና የሲ ጥንዶችን ከአጠገባቸው ኤ ወይም ቲ ሲኖር ይወዳል። ሆኖም የሚገድለው በዋነኛነት በመቀመጡ አይደለም፤ ዲኤንኤን እየቆረጠ መልሶ የሚቀጥለውን ቶፖአይሶመሬዝ ሁለት የተባለውን ኢንዛይም ቆርጦ ሳይቀጥል ወጥመድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ልብን ስለሚጎዳ ደግሞ እያንዳንዱ ታካሚ በዕድሜው የወሰደውን ድምር መጠን እየመዘገብን እንይዛለን።

ለይቶ መምታትን በእውነት የፈለጉ ሰዎች በመጨረሻ ያደረጉት ነገር ለእኔ ብዙ ይናገራል። ካሊኪያማይሲን ከቴክሳስ ኖራማ አፈር የተገኘ፣ ቲሲሲቲ የመሰሉ አራት ፊደላትን የሚወድ፣ ሁለቱንም የዲኤንኤ ክሮች በአንዴ የሚቆርጥ እጅግ ኃይለኛ ሞለኪውል ነው። አራት ፊደል ማንበቡ ግን ብቻውን ለታካሚ ለመስጠት አላበቃውም። ስለዚህ በአንዳንድ የደም ካንሰር ሕዋሳት ገጽ ላይ ያለን ፕሮቲን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር አሰሩት፤ መድኃኒቱ በ2000 ጸደቀ፣ በ2010 ከገበያ ተነሣ፣ በ2017 ደግሞ በተስተካከለ አሰጣጥ ተመለሰ። ሕዋሱን የመለየቱ ሥራ ለአንቲቦዲው ተሰጠ፤ ከአፈር የመጣው ሞለኪውል የቀረለት የሚያውቀውን መሥራት ብቻ ነው።

አክቲኖማይሲን የሚሰጠው በየሦስት ሳምንቱ ነበር። እናቲቱ ከልጇ ጋር በቀጠሮዋ ስትመጣ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ባለፈው የነገርኳት ልክ እንዳልነበረ ነገርኳት። መድኃኒቱ ክፉና ደግ እንደማያውቅ፣ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ተቀምጦ ሥራ እንደሚያግድ፣ የሚጣደፈው ሕዋስ ሲታገድ እንደሚሞት፣ የማይጣደፈው ግን እስኪነሣለት መታገሥ እንደሚችል በቻልኩት መጠን አስረዳኋት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ እጇን በልጁ በራ አናት ላይ አኖረችና፣ «ለካ ፀጉሩም የሚቸኩል ኖሯል» አለች።

«አዎ፣ እርሱም ይቸኩላል።»

«ታዲያ መድኃኒቱን ሲጨርስ ይመለሳል?»

«ይመለሳል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይኼኛውንስ አስበውበት ነው ዶክተር?» አለችኝ።